በትራክተሬ ዙሪያ የታጠረው ፓርኪንግ

መኪና ያላችሁ ሰዎች ፓርኪንግ ላይ የምታደርጉትን አውቃለሁ። ትገባላችሁ፣ ታቆማላችሁ፣ ስትወጡ ትከፍላላችሁ፣ ከከፈላችሁ በኋላ ደግሞ እስከ ቤታችሁ ድረስ ትራገማላችሁ። ወጉ ይሄ ነው። እኔን የገጠመኝ ከዚህ የሚለየው በትንሽ ነገር ነው። እኔ ፓርኪንግ አልገባሁም። ፓርኪንጉ ነው እኔ ወዳለሁበት የመጣው።

አልቀለድኩም። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላልና ከሥሩ ልጀምር።

መተማ አካባቢ፣ ኮኪት አጠገብ ሰሊጥና ማሽላ የማርስ ሰው ነኝ። አንዲት ትራክተር አለችኝ። ዕድሜዋን የሚያውቅ የለም፤ የሸጠልኝ ሰውዬም ስጠይቀው "ገና ናት" ከማለት በቀር ዓመት ጠርቶልኝ አያውቅም። ድሮ ቀይ ነበረች ይላሉ። ታርጋዋ የት እንደወደቀ አላውቅም። ግን ታርሳለች። በእኛ ቆላ አንድ ትራክተር የሚጠየቀው ይህንኑ ብቻ ነው።

የማረስን ነገር ካነሳሁ አንድ ነገር ልጨምር። የእኛ አፈር ዋልካ ነው። ደረቅ እያለ ማረሻ ይሰብራል፤ ዝናብ ከጠገበ ደግሞ ትራክተሩን ከነሾፌሩ ይውጣል። የሚታረሰው በሁለቱ መሀል ባሉት ጥቂት ቀናት ነው። እነዚያ ቀናት ያመለጡት ሰው ዘንድሮ ሰሊጥ የሚያየው ጎረቤቱ ሲሸጥ ነው። ይህን የምነግራችሁ ኋላ ላይ ለምን እንደዚያ እንደሆንኩ እንዲገባችሁ ነው፤ አለዚያ ስለ ጭቃ ማውራት ወድጄ አይደለም።

በበጋው መጨረሻ የትራክተሯን ማረሻ፣ ዲስኩን ማለቴ ነው፣ ላስበይድ መተማ ዮሐንስ ወሰድኳት። ዲስኩ ተበየደ። ስመለስ ግን ከከተማው ሳልወጣ ውሃ ፓምፗ ተበላሸና ትንተከተክ ጀመር። ከመካኒኩ ቤት ፊት ለፊት አንድ ባዶ ቦታ አለ፤ መሀሉ ላይ ትልቅ የኒም ዛፍ ቆሟል። የመተማን ፀሐይ የቀመሰ ሰው ያውቃል፤ እዚያ ጥላ ከተገኘ የማን ነው ተብሎ አይጠየቅም። ገፍተን ከሥሩ አቆምናት። መካኒኩ አየት አደረጋትና ፓምፑ የሚመጣው ከጎንደር ነው አለኝ። በእኛ አገር "ከጎንደር ነው የሚመጣው" ማለት "ወደ ቤትህ ሂድ" ማለት ነው። ሄድኩ።

እኔ ኮኪት ቁጭ ብዬ ፓምፕ ስጠብቅ መተማ ላይ ሌላ ሥራ ይሠራ ነበር። ጉምሩኩ አካባቢ የጭነት መኪና በዝቶ ማደሪያ ጠፋ። ያ ባዶ ቦታ ደግሞ ለካ ባለቤት አለው። ሐጂ ኢድሪስ ይባላሉ፤ ስኳርና ሳሙና በጅምላ የሚሸጡ፣ ከድንበሩ ማዶ ገላባት ወዲያና ወዲህ ሲሉ የሚከርሙ፣ ረጋ ያሉ ነጋዴ ናቸው። ስለማይቀመጡም ሥራቸውን የሚይዝላቸው ስንታየሁ የሚባል ወኪል አላቸው።

ስንታየሁን ላስተዋውቃችሁ። ከጎጃም ለሰሊጥ አረም መጥቶ በዚያው የቀረ ሰው ነው። ሥራ ከሰጡት ሥራው ራሱ እስኪለምነው ድረስ አይለቀውም። ሐጂ ሙሉ ውክልና ሰጥተውታል፤ መግዛት፣ መሸጥ፣ ማከራየት፣ መክሰስ፣ መከሰስ። ሌላ ሰው ይህን ሁሉ ሥልጣን ቢያገኝ ከመግዛትና ከመሸጥ አያልፍም ነበር። ስንታየሁ ግን ከተሰጠው ነገር አንዱን ሳይሠራበት ማስቀረት እንደ ስርቆት ነው የሚቆጥረው።

እናም ቦታውን አጠረ። መሀል ላይ አንዲት ትራክተር ቆማለች። ሌላው ሰው ቢሆን ባለቤቷን ያፈላልግ ነበር። ስንታየሁ አጥሩን በዙሪያዋ አዞረው፣ በር አበጀለት፣ ሰሌዳ ሰቀለበት፣ ከዚያም የመጀመሪያ ደንበኛው አድርጎ መዘገባት።

ፓምፔን በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልዬ ስመለስ ትራክተሬን ለማየት በር ማንኳኳት ግድ ሆነብኝ። ስንታየሁ ከፈተና ባለቤቷ እኔ እንደሆንኩ ጠየቀኝ። ነኝ አልኩ። ደስ አለው። ሒሳብ እንዳለብኝ ነገረኝ።

"የምን ሒሳብ?"

"የፓርኪንግ ነዋ ጋሼ። አጥሩ ካለቀበት ቀን ጀምሮ ነው የያዝኩልዎት፤ ከዚያ በፊት ያለውን አልነካሁም።"

ይህን ያለው እንደ ቸርነት ነው። እኔም ያችን ዓረፍተ ነገር ያገኘኋት ያን ጊዜ ነው። "ስማ ወንድሜ፣ እኔ ወደ ፓርኪንጉ አልገባሁም፤ ፓርኪንጉ ነው ወደ እኔ የመጣው" አልኩት። አጥሩ አጠገብ የቆሙ ሾፌሮች ሳቁ። ሰው ከሳቀልኝ እኔን ማን ይይዘኛል! ሰሌዳውን አነበብኩ። ባጃጅ ይላል፣ አይሱዙ ይላል፣ ተሳቢ ይላል፤ ትራክተር የሚል የለም። ያልተጻፈ አይከፈልም አልኩት። እሱ ደግሞ ከኋላዋ ዲስክ ስለምትጎትት ከተሳቢ እንደመደባት አስረዳኝ። ታርጋ የሌለው ነገር ተሽከርካሪ ተብሎ እንዴት ይመዘገባል አልኩት። ታርጋ ከሌላት የእርስዎ መሆኗን በምን ልወቅ አለኝ። እዚህ ላይ ጉዳዩን ወደ ሌላ አቅጣጫ መራሁት።

መጨረሻ ላይ ንብረት በጉልበት እንደማይዝ፣ በሕግ እንደሚጠይቀኝ ነገረኝና በሩን ወለል አድርጎ ከፈተልኝ። መካኒኩ ፓምፑን ገጠመ፤ ጥሩምባ ቢኖራት ኖሮ ጥሩምባ እየነፋሁ በወጣሁ ነበር። እኔ ያን ቀን ያሸነፍኩ መስሎኛል። ሰውዬው በትህትና በር ሲከፍትላችሁ ፍሩ፤ ይህን ምክር በነፃ ውሰዱት።

ብዙም ሳይቆይ መጥሪያው ኮኪት ድረስ መጣ። ተቀብዬ ፈረምኩ፤ ምን እፈራለሁ? ሻይ ቤት ወስጄ አስነበብኩት። ሻይ ጠጪው ሁሉ ከእኔ ጋር ሆነ። አንድ ደላላ ይህን ነገር ይዘህ ሰበር ድረስ ትሄዳለህ አለኝ፤ ሰበር የት እንደሆነ ግን ሁለታችንም አናውቅም። ወረቀቱ ግርጌ ላይ "በቀጠሮው ቀን ባይቀርቡ ክሱ በሌሉበት ታይቶ ይወሰናል" የሚል ነበረበት። ይህ መቼም የወረቀት ወግ ነው ብዬ አለፍኩት። እውነት የያዘ ሰው እንዲህ ያለ ግርጌ አያነብም።

ለቀጠሮው ግን አልተዘጋጀሁም እንዳትሉኝ። የደረቀው የማሽላ አገዳ መሀል ቆሜ፣ እጄን እያወናጨፍኩ፣ ንግግሬን ተለማምጃለሁ። "ክቡር ፍርድ ቤት፣ እኔ ወደ ፓርኪንጉ..." ስል አገዳው ሁሉ ጸጥ ይላል። ባለቤቴ የሻረግ ውሃ ይዛልኝ መጥታ ትንሽ ሰማችኝና፣ ፍርድ ቤት ስትደርስም እንደዚህ ተናገር፣ ዋናው መድረስህ ነው ብላኝ ሄደች።

እንግዲህ በመሀል ሽምግልና ገባ። አያ ተገኘ የኮኪት ሽማግሌ ናቸው፤ እሳቸው ባሉበት ሁለት ሰው ተኮራርፎ አይከርምም። የእኔና የሐጂን ነገር ሰሙና፣ በአንድ ጥላ ሁለት ሰው አይጣላም ብለው ይዘውኝ መተማ ወረዱ። ሐጂ ከገላባት ገና መመለሳቸው ነበር። ክስ የሚባል ነገር መኖሩን የሰሙት ከእኛ ነው። ስንታየሁ ሥራ ሳይጨርስ ለጌታውም አያወራም። አያ ተገኘ አጥሩ እንዴት ትራክተሯን እንደከበባት ሲያስረዷቸው ሐጂ ሳቃቸውን መቆጣጠር አቅቷቸው መቁጠሪያቸውን አስቀመጡ።

"ኸላስ፣ አለቀ" አሉ። "ይሄ ሰው ጎረቤቴ ነው። የጥላ ዋጋ አልቀበልም።"

ሽማግሌ ግን ማንንም ባዶ እጁን አይሸኝም። የእኔም ክብር እንዲጠበቅ፣ የሐጂም ይቅርታ እንዲከበር፣ አያ ተገኘ አንድ ነገር አከሉ። ሐጂ ኮኪት መንገድ ላይ ትንሽ የማሽላ መሬት አለቻቸው። ዝናብ ሲገባ እኔ ከራሴ መሬት አስቀድሜ የእሳቸውን እንዳርስ ተስማማን። ተመራረቅን። በጽሑፍ ይሁን ያለ የለም። በሽማግሌ ፊት ወረቀት ማውጣት ሽማግሌውን መስደብ ነው፤ ቃላቸው አይበቃም ማለት ነው።

ታዲያ ለስንታየሁ ማን ነገረው? ሐጂ፣ አያ ተገኘ ይነግሩታል ብለው አሰቡ። አያ ተገኘ፣ የገዛ ሰውዬአቸው አይደል፣ ሐጂ ይነግሩታል ብለው አሰቡ። እኔ ደግሞ ለተረታ ሰው መረታቱን መንገር ደግ ስላልመሰለኝ ተውኩት። ለፍርድ ቤቱስ? ኧረ እናንተ ሰዎች፣ መተማ ውስጥ የግመል ዋጋ ሲቀንስ ኮኪት ላይ ወሬው ከግመሉ ቀድሞ ይደርሳል፤ እርቃችን ፍርድ ቤት ሳይሰማ ይቀራል ብዬ እንዴት ልጠርጥር?

የቀጠሮው ቀን ደረሰ። ሐጂም በእርቁ ደስ ብሏቸው እንድንበላ የጠሩን ለዚያው ቀን ሆነ። የሻረግ መጀመሪያ ፍርድ ቤት ሂድ፣ ታርቀናል በልና ከዚያ ወደ ግብዣህ ሂድ አለችኝ።

"በእርቅ ማግሥት ፍርድ ቤት ደጅ መታየት ነውር ነው" አልኳት። "እርቁን ተጠራጠረ ይሉኛል።"

"ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል" አለች።

እኔ ደጃዝማችነት አልፈልግም፣ እርሻዬ ይበቃኛል ብዬ ቀለድኩባት። ባሏ ቀልድ ሲያውቅ የማትስቅ ሴት እሷን ብቻ ነው ያየሁት።

ሐጂ ቤት የነበረውን ግብዣ መቼም አልረሳውም። በሥጋ ነገር ቢላችን ስለሚለያይ አስበውበት አሲዳ በእርጎ አዘጋጅተዋል። የማሽላውን ገንፎ መሀሉን ጎድጎድ አድርገው እርጎውን አፍስሰውበታል። ሐጂ፣ አያ ተገኘና እኔ ካንድ ትሪ በላን። ከርከዴ ጠጣን። በመሀሉ ሐጂ "ስንታየሁ የት ሄዶ ነው፣ ይምጣና ይብላ" ብለው አስጠሩት፤ ከጠዋት ጀምሮ ለሥራ ወጥቷል ተባለ። ትጋቱን ሁላችንም አደነቅን። እኔ እንዲያውም እንዲህ ያለ ሰው ቢኖረኝ ብዬ ጮክ ብዬ ተመኘሁ።

ስንታየሁ በዚያች ሰዓት ዳኛ ፊት ቆሞ፣ በሐጂ ስም፣ እኔን እየረታኝ ነበር።

ከዚያ ሌላ ወረቀት መጣ። አሁን ስረዳው የአፈጻጸም መጥሪያ ነበር፤ ተፈርዶብሃል፣ ለምን አትፈጽምም፣ ቀርበህ አስረዳ የሚል ነው። ያን ጊዜ ግን ያመጣውን ሰው ሻይ ጋበዝኩና ታርቀናል ብዬ በትከሻው መታ መታ አድርጌ ሸኘሁት። የሻረግ ምንድነው ስትለኝ፣ የፍርድ ቤት ጆሮ ሩቅ ስለሆነ ወሬው ገና አልደረሰውም አልኳት። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ብዬም ተረትኩላት። ተኝቼ አደርኩ፤ ተረቱ ቀርቦ መናገር ያለበት ሰው አይተኛ አይልማ።

ሰኔ ገባ። ሁለት ጥሩ ዝናብ ጣለ። ዋልካው ለስልሶ፣ ጭብጥ ሲያደርጉት የሚሰበር፣ ሲለቁት የማይጣበቅ ሆነ። የቆላ ገበሬ ዓመቱን ሙሉ የሚጠብቃት ጠዋት እሷ ናት። መጀመሪያ የሐጂን ለማረስ ዲስኬን ገጥሜ፣ ናፍጣ ሞልቼ፣ ትራክተሯ ላይ ስወጣ አንድ ባጃጅ መጣና አጠገቤ ቆመ። ከውስጡ አንድ የፍርድ ቤት ሠራተኛና አንድ ፖሊስ ወረዱ። ሠራተኛው ስሜን ከነአያቴ ጠራ። ሰው ስማችሁን ከነአያታችሁ ሲጠራ ደህና ነገር ይዞ አይመጣም።

በሌለሁበት ተፈርዶብኛል። የፓርኪንጉ ሒሳብ አለ፤ የዳኝነቱ፣ የወጪና ኪሳራው ተጨምሮበታል። ሁለት ጊዜ ተጠርቼ ስላልቀረብኩ ትራክተሯ ተይዛ ትቆያለች፤ ካልከፈልኩ በሐራጅ ትሸጣለች። ታርቀናል አልኩት። ሰውዬው ጨዋ ነው፤ ከሐጂ ጋር መታረቄ እንዳስደሰተው ነገረኝ። ከዚያ ግን እሱን ያዘዘው ሐጂ ሳይሆን ፍርድ ቤት እንደሆነ፣ ትእዛዙን የሚያነሳውም ያዘዘው ብቻ እንደሆነ አስረዳኝ። ያችን ዓረፍተ ነገር ነገርኩት። ፓርኪንጉ ነው ወደ እኔ የመጣው አልኩት። ፖሊሱ ሳቀ። "ጥሩ መከላከያ ነበርዎት፤ በጊዜው ቢያቀርቡት" አለኝ ሠራተኛው።

የገዛ ትራክተሬን ወደ እስር ቤቷ የነዳሁት ራሴ ነኝ፤ ሌላ የሚያስነሳት ሰው ስለሌለ። ፖሊሱ የጎማው መሸፈኛ ላይ ተቀመጠ። በግራና በቀኝ የሰው ትራክተር ያርሳል። እጃቸውን አንሥተው ሰላም ይሉኛል፣ እኔም አነሣለሁ። ልጆቼ የሚማሩበት፣ የሻረግ የተበደረችው ዘር፣ ለአረም የተቀጠሩት ሰዎች ቀብድ፣ ሁሉም በዚህች ሳምንት እርሻ ላይ ነው የተንጠለጠለው። ያን ጊዜ ነው እውነት ይዞ መሸነፍ የሚባለው ነገር የገባኝ።

ፍርድ ቤቱ ትራክተር የሚያስቀምጥበት ግቢ የለውም። በከተማው ውስጥ አጥርና ጠባቂ ያለው ቅርብ ቦታ የትኛው ይመስላችኋል? አዎ። ስንታየሁ በሩን ወለል አድርጎ ከፈተና የገባንበትን ሰዓት መዘገበ። በሕግ ለተያዘ ንብረትም የማቆያው ሒሳብ በባለ ዕዳው ላይ እንደሚታሰብ በትህትና ነገረኝ። በአፌ ሙሉ የተዘጋጀ ስድብ ነበረኝ፤ ግን ከየት እንደምጀምረው ጠፋኝ።

ሐጂ ከሱቃቸው መጡና ትራክተሯን አዩ።

"ይቺ ደግሞ እዚህ ምን ትሠራለች? ዛሬ አይደል እርሻው?"

"በፍርድ ቤት ተይዛ ነው።"

"አስተግፊሩላህ! ማን ከሶህ?"

"እርስዎ።"

"እኔ?"

"እርስዎ፣ ሐጂ። ያን ዕለት አሲዳውን ስንበላ እዚያ ማዶ እየረቱኝ ነበር።"

ሐጂ ዞረው ስንታየሁን አዩት። እሱ ደግሞ እንደተመሰገነ ሰው ቀጥ ብሎ ቆሟል። ነገሩ ሲገባው ፊቱ ጠቆረ።

"ታርቃችኋል ያለኝ ሰው የለም ጌታዬ" አለ። "እኔ የማውቀው የሰጡኝን ውክልና ነው። አንድም ቀጠሮ አልቀረሁም። ቀርቼ ቢረቱ ኖሮ ምን ይሉኝ ነበር?"

ልቆጣው ፈልጌ አልቻልኩም። ከሦስታችን ሥራውን የሠራው እሱ ብቻ ነበር፤ እኔና ሐጂ እርጎ ስንጠጣ ነው የዋልነው። በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች ይባላል፤ በቅሎዋ እኔ ነኝ።

በማግሥቱ ከሳሽና ተከሳሽ ባንድ ባጃጅ ተሳፍረን ፍርድ ቤት ሄድን፤ ስንታየሁ ከሾፌሩ ጎን ተቀምጧል። በር ላይ ማመልከቻ የሚጽፍ ሰው አለ፤ በሌለሁበት የተሰጠው ፍርድ ይነሣልኝ የሚል ጻፈልኝ። ያልቀረብኩበትን ምክንያት በቃለ መሐላ መግለጽ አለብኝ። ምክንያቱ ምንድነው አለኝ። ግብዣ ላይ ነበርኩ አልኩት። እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ከማን ጋር አለኝ። ከከሳሹ ጋር አልኩት። እስክሪብቶውን ካነሣበት ሰዓት ጀምሮ እስኪጨርስ ድረስ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር።

ዳኛዋ ወጣት ናት፤ ድምፅዋ ቀስ ያለ ነው። ማመልከቻውን አንብባ፣ መነጽርዋን አውልቃ፣ እንደገና አድርጋ እንደገና አነበበች። ከዚያ በቀጠሮው ቀን የት እንደነበርኩ ጠየቀችኝ። ሐጂ ቤት አልኩ። ሐጂን ጠየቀቻቸው፤ አዎ እኔ ቤት ነበር አሉ። ምን ታደርጉ ነበር አለች። እንበላ ነበር አሉ ሐጂ፣ በሙሉ ድምፅ። ችሎቱ ሳቀ፤ እሷ አልሳቀችም። ለምን ታረቅን ብላችሁ አንድ ወረቀት አላመጣችሁም አለች። እኔም ታርቆ ፍርድ ቤት መምጣት ነውር ስለሚመስል ነው አልኳት።

"ነውርነቱን ተዉት" አለች። "ፍርድ ቤት የሚያውቀው መዝገቡ ውስጥ ያለውን ብቻ ነው። ውጭ የታረቃችሁትን እኔ አላይም። ከሳሽ ቀርቧል፣ እርስዎ አልቀረቡም፤ ሌላ ምን ልፈርድ?"

እንዲህ ቁርጥ ያለ ንግግር ማሽላው መሀል አልተለማመድኩም።

ከዚያ ነው የቸገረኝን ምርጫ ያቀረበችልኝ። ከፈለግሁ ፍርዱን አንሥታ ክርክሩን እንደ አዲስ ትከፍታለች። መልሴን በጽሑፍ አቀርባለሁ፣ ምስክር ይሰማል፣ እውነቴ ይለያል፤ ለዚያ ግን ሌላ ቀጠሮ ያስፈልጋል፣ ትራክተሯም እስከዚያ ባለችበት ትቆያለች። አለዚያ እርቃችን እንደተባለው አሁኑኑ ይመዘገባል፤ መዝገቡ ይዘጋል፣ ትራክተሯ ዛሬ ትወጣለች። እንዳይሳሳቱ ግን፣ የተመዘገበ እርቅ እንደ ፍርድ ነው፣ የገቡትን ካልፈጸሙ ያስፈጽምብዎታል አለችኝ።

እንግዲህ እስቲ እናንተ በእኔ ቦታ ሁኑ። የሠራኋት ዓረፍተ ነገር ምላሴ ጫፍ ላይ ናት። ችሎቱ ሙሉ ነው። ሕይወቴን ሙሉ እንደዚያ ቀን ትክክል ሆኜ አላውቅም፤ ዳግመኛም የምሆን አይመስለኝም። በመስኮቱ በኩል ግን ከገላባት በላይ ጥቁር ደመና ቆሟል። ያ ደመና ወዲህ መጥቶ ጠግቦ ከዘነበ፣ ዋልካው ትራክተር አያስገባም። ትክክል መሆኔን በጥቅምት ወር፣ ባዶ ማሳዬ ዳር ቆሜ፣ ለማን እነግረዋለሁ?

"እርቁ ይመዝገብ" አልኩ። ድምፄ የእኔ አልመሰለኝም።

ዳኛዋ የእርቁን ቃል እንድንነግራት አዘዘች፤ ሐጂ ተናገሩ። ሐጂ የፓርኪንጉን ሒሳብ ትተዋል፤ ተከሳሽ ዝናብ ሲገባ ከራሱ መሬት አስቀድሞ የከሳሽን መሬት ያርሳል። ተጻፈ፣ ተነበበ፣ ሦስታችንም ፈረምን።

ፓርኪንጉ በር ላይ የመልቀቂያውን ትእዛዝ ይዤ ስደርስ ነፋሱ ኒሙን ያወዛውዘው ጀምሯል። ትራክተሯን አስነሣሁ። ሐጂ ወደ ሰማዩ አዩ፣ ወደ እኔ አዩ። ደመናው አንድ እርሻ እንጂ ሁለት አያደርስም፤ ይህን ለሁለታችንም የሚነግረን አያስፈልግም ነበር።

"ያ ዞል፣ አንተ ሰው፣ ሂድና የራስህን አስቀድም" አሉኝ። "የእኔ ማሽላ ነች፤ ቢያመልጠኝ ሱቅ አለኝ። አንተ ሌላ የለህም።"

ዓይኔ እንባ ሞላ። ሰው ሳይገደድ እንዲህ ሲያደርግላችሁ ምን ትላላችሁ? እኔ ያልኩት ግን ለራሴም ገረመኝ። ሞተሩን አጠፋሁ።

"ሐጂ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ግን የእርስዎ እንዲቀድም መዝገብ ላይ ሰፍሯል። ይህን ያሁኑን ቃል ደግሞ የሰማነው እኛው ብቻ ነን። የበፊቱንም እርቅ የሰማነው እኛው ብቻ ነበርን።"

"ዝናቡ መጣ እኮ!"

"ይምጣ። ዳኛዋ ዘንድ ተመልሰን ይንገሯት።"

ሐጂ ተናደዱ። እኔ ከመሪው አልወርድም፣ ሞተሩንም አላስነሣም ብዬ ተቀመጥኩ። የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች ኮፈኑ ላይ ጠብ ጠብ ማለት ጀመሩ። ያን ጊዜ ስንታየሁ ከበሩ ሥር ወጣ፤ የማዳበሪያ ላስቲክ ራሱ ላይ ደፍቷል።

"ውክልናው ከእኔ ጋር ነው" አለኝ። "ሐጂ ፈቅደዋል፣ እኔም ሰምቻለሁ። አሁኑኑ ሄጄ አስመዘግበዋለሁ። እርስዎ ይሂዱና ማረስዎን ይጀምሩ።"

መልሱን ሳይጠብቅ በዝናቡ ውስጥ ወደ ፍርድ ቤቱ መንገድ ገባ፤ አይሮጥም፣ ይራመዳል፣ ቀጠሮ እንዳለው ሰው ነው የሚሄደው። ሞተሩን አስነሣሁ። ያን ቀን ማሳዬን እስኪጨላልም ሳርስ አንድ ጊዜ እንኳ ወደ ኋላዬ አላየሁም። እኔ ትክክል ነኝ ብዬ አልነበረም፤ ዳኛ ፊት የቆመልኝ ሰው ስንታየሁ ስለነበረ ነው።